ድሮን ልግዛ፣ ልቅጠር ወይስ ልተወው? ከካሜራው በፊት ሕጉን እናነፃፅር

ጥር በደረሰ ቁጥር ስልኬ በአንድ ጥያቄ ይጨናነቃል። «ድሮን ልግዛ ወይስ ልቅጠር?» ደብረ ብርሃን ላይ ሰርግ እቀርፃለሁ፣ ከሰርግ ውጭ ደግሞ ለቅየሳ ሥራ ካርታ አዘጋጃለሁ። ስለዚህ ጠያቂው ብዙ ነው። ሁሉም የሚያነፃፅረው ግን ዕቃውን ነው። የቱ ካሜራ ይጠራል፣ የቱ ባትሪ ይቆያል፣ ዱባይ ላይ ስንት ይሸጣል። ሕጉን የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም ማለት ይቻላል። እኔም በጊዜው አልጠየቅኩም፣ ዋጋ ከፍዬበታለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከውጭ ለሚመጣ ዘመዴ ገንዘብ ልኬ 249 ግራም የምትመዝን ትንሽ ድሮን አስገዛሁ። ሻንጣው ሲፈተሽ ተያዘች። ለእሱ አንድ ደረሰኝ ሰጡት፣ እሱ ለኔ ሰጠኝ። ያን ደረሰኝ ይዤ ሦስት ጊዜ አዲስ አበባ ተመላለስኩ፣ 130 ኪሎ ሜትር መሄጃ፣ 130 ኪሎ ሜትር መመለሻ። የመጀመሪያው ቢሮ ወደ ሁለተኛው ላከኝ። ሁለተኛው «ከመጀመሪያው ደብዳቤ አጽፈህ ና» አለኝ። ፈቃድ ሳልጠይቅ ማስመጣቴ የራሴ ጥፋት ነው፣ እሱን አልክድም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ጉዳዩ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ስንት ብር እንደሚያስወጣ፣ በመጨረሻ መልሱ አዎ ይሁን አይ፣ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። ደረሰኙ እስካሁን ካሜራ ቦርሳዬ ኪስ ውስጥ አለ። እጥፋቱ ላይ ተበጥሶ ለሁለት ሊከፈል ደርሷል።

እንግዲህ ይህን የምጽፈው ሌላው ሰው ያንን መንገድ እንዳይደግም ነው። ከዛም አልፎ አንድ በጥብቅ የማምንበት ነገር አለ። የድሮን ሥራ ጥብቅ ሕግ ስላለ ብቻ አይሞትም። ልኩ የማይታወቅ ሕግ ግን ይገድለዋል። የሌሎች አገሮችን መንገድ ጎን ለጎን ስታዩት ይሄ ፍንትው ብሎ ይታያል።

መጀመሪያ እኛ ያለንበት

ኢትዮጵያ ውስጥ ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም ቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ዋናው በር የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ነው፣ ሁላችንም ኢንሳ የምንለው። የአየር ክልሉ ደግሞ የሲቪል አቪዬሽን ባለስልጣን ነው። «የኔ እኮ ትንሽ ናት፣ መጫወቻ ናት» የሚለው ክርክር ፍተሻ ላይ አይሠራም። በግራም ተለይቶ ነፃ የሚወጣ የለም ብላችሁ ተነሱ። ሳይፈቀድለት የገባ ዕቃ ይያዛል፣ እሱን ማስለቀቅ ደግሞ ቀድሞ ከመጠየቅ በብዙ እጥፍ ይከብዳል።

የኛ አካባቢ ሌላ ነገርም አለበት፣ ሳልናገረው ማለፍ አልችልም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ዛሬ ሰማይ ላይ ዝዝዝ የሚል ድምፅ ሲሰማ ሰው ሰርግ አይመስለውም። እናት ልጇን ይዛ ቤት ትገባለች። ስለዚህ ፈቃድ በእጃችሁ ቢኖርም እንኳ ቀበሌው፣ ወረዳው፣ ጎረቤቱ ሳያውቅ ማንሳት የለባችሁም። የሕግ ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የሰው ጉዳይ ነው።

ሌሎች የመረጧቸው መንገዶች

በሩን የዘጉ አሉ። ግብፅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ሕግ ያለ መከላከያ ሚኒስቴር ፈቃድ ድሮን ማስገባት፣ መሥራት፣ መሸጥም ሆነ መጠቀም ከልክላለች፤ እስራትም ቅጣትም አለው። ይህ መንገድ ለፀጥታ ኃይሉ ቀላል ነው። ሰማይ ላይ ያየውን ሁሉ ሕገወጥ ብሎ መነሳት ይችላል። ጉዳቱ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። የሚጠግን ባለሙያ አይወጣም፣ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት አይከፈትም፣ የሚፈልጉትም በድብቅ ያስገባሉ።

በሩን ከፍተው ደረጃውን ያበዙ አሉ። ደቡብ አፍሪካ ከብዙ አገሮች ቀድማ ነው ሕግ ያወጣችው፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2015 ጀምሮ ይሠራል። የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በድሮን ገንዘብ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው የአብራሪ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ለድርጅቱ የኦፕሬተር ሰርተፍኬት፣ ለድሮኑ ምዝገባ፣ በዛ ላይ የአየር አገልግሎት ፈቃድ። ሂደቱ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። ውጤቱ ምን ሆነ? ትልልቅ የማዕድንና የእርሻ ድርጅቶች ከፍለው አለፉ። ብቻውን የሚሠራው የሰርግ ካሜራማን ወይ ተወው ወይ ተደብቆ መሥራት ጀመረ። ከሁሉም የሚጎዳው ሕጋዊው ነው። ብዙ ከፍሎ ፈቃድ አውጥቶ፣ ምንም ያልከፈለ ሰው በግማሽ ዋጋ ደንበኛውን ይወስድበታል። እኛም ጋ ይህ ይታያል።

ኬንያ ደግሞ ሌላ ትምህርት ናት። እ.ኤ.አ. በ2017 ደንብ ወጣ፣ ፓርላማው በቀጣዩ ዓመት ሰረዘው፣ አዲሱ የወጣው በ2020 ነው። በመሀል ያለውን ጊዜ አስቡት። ገንዘብ ያለው ሰው ምን ብሎ ያፈስሳል? የትኛው ባንክ ነገ ሊወረስ ለሚችል ዕቃ ያበድራል?

በአደጋው ልክ የሚመዝኑት ከእነዚህ ይለያሉ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. እስከ 2016 ድረስ በድሮን መነገድ የሚፈልግ ሰው ለየብቻ ልዩ ፈቃድ መለመን ነበረበት፣ የአውሮፕላን አብራሪ ፈቃድም ይጠየቅ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ 29 ሌላ ደንብ ተግባር ላይ ዋለ። 16 ዓመት ይሙላህ፣ 60 ጥያቄ ያለውን ፈተና 70 በመቶ አምጥተህ እለፍ፣ ድሮንህ ከ25 ኪሎ በታች ይሁን፣ ከ120 ሜትር ገደማ በላይ አትውጣ፣ ከዓይንህ አታርቀው። ከዚህ የወጣ ነገር ከፈለግህ ለብቻው ጠይቅ። አለቀ። ዛሬ በዚህ መንገድ ፈቃድ ያወጡት አብራሪዎች ከ300 ሺህ በላይ ናቸው። ሕጉ ልል አይደለም፣ ክልከላው ብዙ ነው። ግን አንድ ወጣት ማታ ቁጭ ብሎ አንብቦ «እኔ እዚህ ጋ ነኝ፣ የሚጎድለኝ ይሄ ነው» ማለት ይችላል።

አውሮፓም እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ተመሳሳይ መንገድ ይዛለች። ሥራውን በሦስት ከፍላ፣ ቀላሉን በኢንተርኔት በሚሰጥ ትምህርትና ፈተና ታሳልፈዋለች፣ መካከለኛውን የአደጋ ግምገማ ትጠይቀዋለች፣ ሰው የሚያጓጉዘውን ዓይነት ከባዱን እንደ አውሮፕላን ትቆጣጠረዋለች።

ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ሕንድ ናት። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 አንድ ደንብ አወጣች፤ የቅጹ ብዛት 25፣ የክፍያው ዓይነት 72 ነበር። ሥራው ላይ ያሉት ሰዎች ጮኹ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ውስጥ ደንቡ ተሻረና ሌላ ተተካ፤ ቅጹ 5፣ የክፍያው ዓይነት 4 ሆነ። አገሪቱን በካርታ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀባቻት። አረንጓዴው ላይ እስከ 120 ሜትር ገደማ ሳትጠይቅ ታበርራለህ፣ ቢጫው ላይ ትጠይቃለህ፣ ቀዩ ላይ ያለ መንግሥት ፈቃድ አትደርስም። ይህ ካርታ እኔን በጣም ነው የሚማርከኝ። ፀጥታ የሚያሳስብበትን ቦታ ቀይ ቀብቶ ሌላውን መልቀቅ ይቻላል ማለት ነው። ቀዩ ሰፊ ቢሆን እንኳ ቢያንስ ይታወቃል። ሕንድ በዛ አላቆመችም፤ በ2022 መጀመሪያ ላይ የተገጣጠመ ድሮን ከውጭ እንዳይገባ ከልክላ ክፍሎቹን ግን ፈቀደች፣ አገር ውስጥ ለሚያመርቱ ደግሞ ከዛ ቀደም ብላ 120 ክሮር (1.2 ቢሊዮን) ሩፒ ድጎማ መድባ ነበር። ቀጥላም 15 ሺህ ለሚሆኑ የሴቶች ማኅበራት የመድኃኒት መርጫ ድሮን ለማዳረስ ተነሳች። የገበሬ ሚስት በድሮን ማሳ ስትረጭ ማለት ነው።

ለኛ መልክዓ ምድር የሚቀርበው ግን ሩዋንዳ ነው። ኮረብታና ገደል፣ ክረምት ላይ የሚቆረጥ መንገድ። ዚፕላይን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 ከሙሃንጋ ተነስቶ ደም ወደ ሆስፒታሎች ማድረስ ጀመረ። ድሮኑ ክንፍ ያለው ትንሽ አውሮፕላን ነው፤ እንደ ወንጭፍ ተስፈንጥሮ ይነሳል፣ ሆስፒታሉ ጋ ሲደርስ ሳያርፍ ጥቅሉን በፓራሹት ጥሎ ይመለሳል። ሩዋንዳ ሰማይዋን ክፍት አላደረገችም፣ የአየር ክልሏን አጥብቃ ነው የምትይዘው። ያደረገችው ነገር «ይህን ማሽን ግዛ፣ ይህን ብሎን ግጠም» ከማለት ይልቅ «ምን ልትሠራ ነው? አደጋው ምንድነው? እንዴት ትከላከለዋለህ?» ብላ መጠየቅ ነው። በ2018 ደንቧንም በዚህ መልክ አሻሻለች። ሦስቱን ጥያቄ የመለሰ ይሠራል። መሐል ሜዳ ሆስፒታል አንዲት ወላድ ደም ሲፈስሳት፣ ጣርማበር ላይ ጉም ወርዶ መኪና በመብራት እየዳኸ ሲሄድ አስባለሁና ይህ ነገር ለኔ ተራ የቴክኖሎጂ ወሬ አይደለም። እርግጥ ጉሙ ለድሮኑም ፈተና ነው፣ ነፋሱም እንደዛው።

ማላዊም አለች። አገሩን በሙሉ ከመክፈት በፊት እ.ኤ.አ. በ2017 ካሱንጉ ላይ አንድ የመሞከሪያ ቀጠና ለየች፣ በዩኒሴፍ እገዛ። በ2020 ደግሞ ሊሎንግዌ ላይ የድሮን ማሠልጠኛ ተከፈተ። ሙሉ ለሙሉ መክፈት ለሚፈራ አገር ይህ ጥሩ መጀመሪያ ይመስለኛል።

ካነፃፀርኩት ውስጥ አንዱን ምረጥ ብባል የሩዋንዳን ጥያቄና የሕንድን ካርታ አንድ ላይ እመርጣለሁ። የአሜሪካው ፈተና ደስ ይላል፣ ግን ፈተናውን ያለፈ ሰው በብዙ ሜዳ ላይ ሳይጠይቅ ያነሳዋል፤ አሁን ባለንበት ሁኔታ ያ እዚህ አይሆንም። የግብፁን አልፈልገውም። የደቡብ አፍሪካው ደግሞ ትልቁን ብቻ ያሳልፋል፣ የኔ ቢጤው ውጭ ይቀራል።

አሁን ወደ እናንተ

ሕጉ እስኪስተካከል ሥራ አይቆምም። ስለዚህ ማን እንደሆናችሁ ንገሩኝና ልምረጥላችሁ።

ሰርግ የምትቀርፁ ከሆነ አትግዙ። ይህን ያለ ማመንታት ነው የምለው። አንድ ሰርግ ላይ ከድሮን የሚገባው ቪዲዮ ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ነው፣ ሙሽሮቹ ሲወጡና አጃቢው ሲሰለፍ። ለሁለት ደቂቃ ብላችሁ የሚወረስ ዕቃ ላይ ገንዘባችሁን አታስሩ። ደንበኛው ካላለቀቃችሁ ፈቃድ ያለው ድርጅት ከነአብራሪው ቅጠሩ፣ ዋጋውን ለብቻ ጻፉለት፣ ይወቀው። ከዛ ውጭ ጥሩ ጊምባል (ካሜራው እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዘው) እና ካሜራ ከፍ የሚያደርግ ክሬን ይበቃል። ደግሞ እኛ አገር እኮ ገደሉ ራሱ ክሬን ነው። አንኮበር ላይ ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ቁልቁል የተቀረፀ ሙሽራ የትኛውም ድሮን አይበልጠውም።

ገበሬ ወይም የገበሬ ልጅ ከሆናችሁ ነገሩ ይለያል። አጎቴ እነዋሪ ነው ያለው፣ ሞረትና ጅሩ፣ መረሬ አፈር ላይ ስንዴ ያርሳል። አንድ መስከረም እሱ ጋ ነበርኩ፣ ቢጫ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ገብቶ። መርጫውን በጀርባው አዝሎ ማሳው ውስጥ ሲገባ መረሬው ቦቲውን ይይዘዋል፣ እግሩን ሲነቅል ቦቲው ወደ ኋላ ይቀራል፣ መድኃኒቱ ደግሞ ነፋስ ሲመልሰው ፊቱ ላይ። «ጋሼ፣ አፍህን ሸፍን» ብለው «እኔ ስሸፈን ዋጉ ይጠብቀኛል ብለህ ነው ልጄ?» አለኝ። ከ10 እስከ 40 ሊትር የሚይዝ የመርጫ ድሮን ያን ማሳ ጭቃ ሳይረግጥ ይጨርሰው ነበር። ግን አጎቴ ለብቻው ይግዛ አልልም። ዋጋው አይቀመስም፣ ፈቃዱም ለአንድ ሰው ከባድ ነው። በኩታ ገጠም ለሚያርሱ ገበሬዎች ዩኒየኑ በስሙ ቢጠይቅ፣ ግብርና ቢሮ ደብዳቤ ቢጽፍለት፣ ያ ጥያቄ ክብደት አለው። «ምን ልትሠሩ ነው» ሲባል መልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ የዋግ መድኃኒት ልንረጭ።

ማሳችሁን ለማየት ብቻ ከሆነ ደግሞ ድሮን ጭራሽ አያስፈልግም። ሴንቲኔል 2 የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በየ5 ቀኑ ያልፋሉ፣ ምስላቸው በነፃ ነው፣ ማንንም ፈቃድ አትጠይቁም። የምስሉ አንዱ ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። እንግዲህ አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ነው ብንል 25 ነጥብ ይወጣዋል። የትኛው ጥግ ቢጫ እንደሆነ ለማወቅ ይበቃል፣ የትኛው ዛላ እንደታመመ ለማወቅ አይበቃም። ክረምት ላይ ደመና ይከልለዋል፣ ይህ ትልቅ ድክመቱ ነው፤ ዋጉ የሚመጣው ደግሞ ደመናው ሳይገፈፍ ነው። ቆላ ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ላይ በበጋ መስኖ ሽንኩርት ለምታለሙት ግን ሰማዩ ጠራ ስለሚል በጣም ይጠቅማችኋል።

ቀያሽ ወይም ኢንጂነር ከሆናችሁ ለድሮን ፈቃድ መድከም የሚገባችሁ እናንተ ናችሁ። በቶታል ስቴሽን (በእግር እየዞሩ በሚለኩበት የቅየሳ መሣሪያ) ቀናት የሚፈጀውን ሜዳ ድሮን በአንድ ጠዋት ይጨርሰዋል። ሁለተኛ ደረጃ የመሬት ይዞታ ሲመዘገብ ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ከላይ የተነሳ ምስል በትልቅ ወረቀት ታትሞ መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ አዋሳኞቹ ከበውት «ይቺ የኔ ዋርካ ናት፣ ድንበሩ ከሷ ወዲህ ነው» ሲሉ። የምስል ጉልበት ያ ነው፣ ክርክር ያበርዳል። ለዚህ ሥራ ድርጅት መሥርቱ፣ ንግድ ፈቃድ አውጡ፣ ከአሠሪው መሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ያዙና በድርጅት ስም አመልክቱ። በግለሰብ ስም የሚቀርብ «ለሥራ ፈልጌው ነው» የሚል ማመልከቻ ሰሚ የለውም። ዕቃው የሚገዛው ከመልሱ በኋላ ነው። በፍፁም ከመልሱ በፊት አይደለም።

ተማሪዎችስ? ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ፣ ድሮን ሳይኖራችሁ የድሮን ሙያ መያዝ ትችላላችሁ። የዚህ ሥራ ትልቁ ክፍል ኮምፒውተር ላይ ነው። ከድሮን ምስል ካርታ የሚሠሩባቸው ኦፕንድሮንማፕና ኪውጂአይኤስ የሚባሉት ፕሮግራሞች ነፃ ናቸው፣ ሰው ያነሳቸው የመለማመጃ ምስሎች በነፃ ይገኛሉ። ሦስት ወር ብትቀመጡበት ፈቃድ ያለው ድርጅት ምስሉን አንስቶ ካርታውን ለእናንተ ይሰጣችኋል። እኔ ድሮኔ ከተያዘች በኋላ እንጀራዬ ይህ ሆኗል።

ለመቅጠር የወሰናችሁ

የፈቃዱን ቅጂ ጠይቁ፣ አትፈሩ። ቅጂው ላይ ያለው የድሮን መለያ ቁጥር ይዘውት ከመጡት ዕቃ ጋር አንድ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። ቦታውንና ቀኑንም እዩ። አዲስ አበባ ላይ ለሚሠራ ሥራ የወጣ ፈቃድ መንዝ ላይ አይሠራም። ጓሳ ከሆነ የምትሄዱት ጥብቅ ቦታውን የሚጠብቀውን ማኅበረሰብም አስፈቅዱ፤ ጭላዳው ይደነግጣል፣ ቀይ ቀበሮውም አለ፣ ቪዲዮ ቆንጆ ይሁን ተብሎ መንጋ ማሸበር ነውር ነው።

የከፍታውንም ነገር ለአብራሪው ንገሩት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ ከባህር ጠለል ሲነፃፀር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ድሮኑ ለመንሳፈፍ ይበልጥ ይለፋል፣ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ አይበርም። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ሲያድር ደግሞ ቀዝቃዛ ባትሪ ሰማይ ላይ በድንገት ይወድቃል። ብብቱ ሥር አሙቆ የሚያነሳ አብራሪ ካያችሁ ሥራውን ያውቃል።

በመጨረሻ ውሉ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ። ፈቃዱ ካልደረሰ ቀብዱ ይመለሳል የሚል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚጣላው። ለጥር ሰርግ ከሆነ ከመስከረም ጀምሩ፣ ታኅሣሥ ላይ የሚደውልልኝን ሰው ልረዳው አልችልም።